መስቀል አደባባይ አጠገብ የሚዘጋጀው የልጆች የሃሎዊን ምሽት፦ ትኬቱ ያዋጣል?

ያዋጣል፤ ግን ለሁሉም ቤተሰብ አይደለም። ከ5 እስከ 10 ዓመት የሆናቸው ልጆች ላሏቸው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገብተው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ «በቃን» ብለው ለሚወጡ ወላጆች ይህ የመጫወቻ ግቢ የሚያዘጋጀው ምሽት መሃል ከተማ ውስጥ ለልጅ ከሚገኙት ደህና ምሽቶች አንዱ ነው። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ድምፁም ጨለማውም ይበዛበታል። 13 የሞላው ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉን አዳርሶ ይሰለቻል። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የሚደርስ ቤተሰብ ግን፣ የልጆቹ ዕድሜ ምንም ይሁን ምን፣ ገንዘቡን የሚከፍለው ለሰልፍ ነው።

ስለ ቀኑ አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ሃሎዊን በፈረንጆቹ ኦክቶበር 31 ይውላል። በእኛ ጥቅምት 21 ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ባለፈች ማግስት በሚጀምረው ዓመት ብቻ ጥቅምት 20 ይሆናል። ጥቅምት 21 ደግሞ ማርያም ናት፤ ወቅቱም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚዘልቀው የጽጌ ጾም መሃል ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሞ የመጣ ቤተሰብ ማታ ግቢው በር ላይ የሬሳ ሣጥንና የመቃብር መስቀል ተተክሎ ቢያገኝ ልጆቹን ይዞ ይመለሳል፤ መብቱም ነው። አዘጋጆቹ ይህን አስበውበታል። የተሰቀለው ዱባ፣ የሌሊት ወፍ፣ ሸረሪት፣ የካርቶን ጨረቃና ጅብ ነው። መቃብር የለም፣ ደም የተቀባ ነገር የለም። ሌላ ቦታ ትኬት ለመግዛት የሚያስብ ወላጅም በስልክ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ይሁን፤ የግቢውን ማስጌጫ ፎቶ ላኩልኝ ማለት ነውር የለውም።

ስሙ ራሱ «የቅዱሳን ሁሉ ዋዜማ» ከሚለው የመጣ ነው፤ የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን በማግስቱ ኖቬምበር 1 የቅዱሳንን ሁሉ በዓል ታከብራለች። በአየርላንድና በስኮትላንድ የዚያን ዕለት ፋኖስ የሚሠራው ሥራ ሥር ተፈልፍሎ ነበር። አሜሪካ የገቡት ስደተኞች ትልቅና ለመፈልፈል የቀለለ ዱባ ሲያገኙ ወደ እሱ ዞሩ። ልጅ «ለምንድን ነው በየቤቱ የሚዞሩት?» ብሎ ሲጠይቅ አጭሩ መልስ ቡሄ ነው፦ እኛ ነሐሴ 13 ላይ ሆያ ሆዬ ብለን ሙልሙል እንደምንቀበለው፣ እነሱም የተለየ ልብስ ለብሰው በየደጁ ከረሜላ ይቀበላሉ። ይህን አስቀድሞ የሰማ ልጅ ግቢው ውስጥ ምን እንደሚጠበቅበት ያውቃል፤ ያልሰማው በመጀመሪያው በር ላይ እናቱ ቀሚስ ሥር ይደበቃል።

የመግቢያው ትኬት ግቢውን፣ በየበሩ ዞሮ ከረሜላ መቀበሉንና የማስፈሪያውን መተላለፊያ ይሸፍናል። ፊት መቀባት፣ በአየር የሚነፋው መዝለያና የዱባው ጠረጴዛ በቶክን፣ ማለትም በር ላይ በሚሸጥ የጨዋታ ሳንቲም ናቸው። የተረፈ ቶክን ተመላሽ ስለማይደረግ በር ላይ በጅምላ አትግዙ፤ ለአንድ ልጅ 3 ይበቃል፣ ለእያንዳንዱ ጨዋታ አንድ። በቴሌብር ይከፈላል፤ ሆኖም ሰው ሲበዛ ኔትወርኩ ስለሚጨናነቅ ለቶክን የሚሆን ጥሬ ብር መያዝ ሰልፉን ያሳጥራል። ቅር የሚያሰኘው ወላጅም እንደ ልጅ ሙሉ ትኬት መቁረጡ ነው። ወላጅ ግቢው ውስጥ የሚጫወተው አንድም ነገር የለም፤ ሥራው ጫማና ካፖርት ይዞ መቆም፣ ልጅ መጠበቅ ነው። ለሁለት ልጅ ቢያንስ የአንድ አዋቂ መግቢያ በትኬቱ ውስጥ መታሰብ ነበረበት።

በሩ የሚከፈተው 10 ሰዓት ላይ ነው። በዚህ ወቅት አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ገደማ ሲሆን ከ12 ተኩል ጀምሮ ድፍን ጨለማ ነው። አብዛኛው ቤተሰብ «ሃሎዊን የጨለማ ነገር ነው» ብሎ ከመሸ በኋላ ይመጣል፤ ስለዚህ ከ10 እስከ 12 ባለው ጊዜ ቶክን የሚፈልጉትን ሁሉ መጨረስ፣ ሲጨልም ደግሞ ጨለማ የሚያስፈልጋቸውን ሁለቱን፣ የማስፈሪያውን መተላለፊያና የከረሜላውን በሮች ማየት ነው ብልኃቱ። ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል፦ መጀመሪያ መዝለያው፣ ቀጥሎ ዱባው፣ ከዚያ ፊት መቀባት። ፊቱን ተቀብቶ የዘለለ ልጅ በላብ ቀለሙን ያፈሰዋል፤ የመዝለያውም ላስቲክ ይቆሽሻል።

የፊት ቀቢዎቹን ሰልፍ በቁጥር እናስላው። ቀቢዎቹ ሁለት ናቸው። የድመት አፍንጫና ጢም 3 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሙሉ ፊት አንበሳ ወይም ነብር ከ8 እስከ 10 ደቂቃ። በአማካይ 5 ደቂቃ ብንይዝ አንዱ ቀቢ በሰዓት 12፣ ሁለቱ 24 ልጅ ያስተናግዳሉ። ግቢው ውስጥ 100 ልጅ ቢኖር የመጨረሻው ልጅ ተራ የሚደርሰው ከ4 ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። ስለዚህ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፉ አጭር ሆኖ ካያችሁት ዱባውን አቋርጣችሁም ቢሆን ግቡ።

ቀለሙ ደህና ነው። በክብ ጠፍጣፋ ዕቃ ውስጥ እንደ ሳሙና የደረቀና በርጥብ ስፖንጅ የሚነሳ፣ በውሃ የሚለቅ የፊት ቀለም ነው። ሌላ ቦታ በጠርሙስ የተቀመጠ አክሬሊክ፣ ማለትም የሥዕል ቀለም ካያችሁ ልጃችሁን መልሱ፤ ፊት ላይ ሲደርቅ ቆዳውን አጥብቆ ይይዛል፣ ሲላጥም ያቆስላል። የዚህ ግቢ ጉድለት ስፖንጁ ላይ ነው። አንዱ ስፖንጅ ውሃ ውስጥ ነከር እየተደረገ ከፊት ወደ ፊት ይሄዳል። ጭርትና የዓይን ሕመም በዚህ መንገድ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ውሃው ደግሞ ከአስር ልጅ በኋላ ጭቃ ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አዲስ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ገዝቶ በመቀስ አራት ቦታ ቆርጦ በንጹሕ ፌስታል መያዝ፣ ተራ ሲደርስም «በዚህ ቅቡልኝ» ማለት። ቀቢዎቹ ሳያንገራግሩ ይቀበላሉ። ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ልጅ ካለ በር እንደገባችሁ የእጁ አንጓ ላይ ነጥብ አስቀብታችሁ 20 ደቂቃ ጠብቁ፤ ካሳከከው ወይም ከቀላ ፊቱን አታስቀቡት። ቤት ስትገቡ በሶፍት አትፈትጉት። መጀመሪያ ቫዝሊን ወይም የሕፃን ቅባት አሽታችሁ በጥጥ አንሱት፣ ከዚያ በለብ ያለ ውሃና ሳሙና እጠቡት። ጥቁርና ቀይ ቀለም ይህ ካልተደረገ እስከ ማግስቱ ጥላውን ይተዋል።

በአየር የሚነፋው መዝለያ ከሁሉ በላይ የወላጅ ዓይን ይፈልጋል። ለዚህ ዕቃ የወጣው የአውሮፓ መለኪያ ኢኤን 14960 ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ ማንኛውም ወላጅ ቢያውቃቸው ይጠቅመዋል። ነፋሱ በሰዓት ከ38 ኪሎ ሜትር ካለፈ ልጆቹ ሁሉ ከመዝለያው ይወጣሉ፤ ይህ ትንንሽ ዛፎች መወዛወዝ የሚጀምሩበት ነፋስ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ማሰሪያው ነው፦ ቢያንስ 6 ቦታ መታሰር አለበት፣ እያንዳንዱ ማሰሪያም ወደ 163 ኪሎ የሚሆን ጉተታ መቻል አለበት። ሣር ላይ ሲሆን ረጅም የብረት ካስማ ወደ ውስጥ ይመታል። ኮብልስቶን ወይም አስፋልት ላይ ካስማ ስለማይገባ በክብደት ነው የሚያዘው። እዚህ ግቢ በሣሩ በኩል ያሉት ካስማዎች በደንብ ተመትተዋል፤ በኮብልስቶኑ በኩል ግን ገመዱ የታሰረው በባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውሃ ነው፣ ለአንድ ገመድ አንድ ጄሪካን። ሃያ ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ስምንት ጄሪካን ቢደረደር እንኳ 160 ኪሎ ነው፤ አንዱን ማሰሪያ አይሞላውም። የጥቅምት ነፋስ ሲነሳ በድንገት ነው የሚነሳው፣ መዝለያው ደግሞ እንደ ሸራ ነፋስ ይይዛል። አዘጋጆቹ ሌላ ምንም ባያሻሽሉ ይህን አንድ ነገር እንዲያሻሽሉ አጥብቀን እንጠይቃለን፤ መዝለያውን ሙሉ በሙሉ ወደ ሣሩ ማዞር ብቻ ነው የሚያስፈልገው፣ ቦታውም አለ።

መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆንም ማወቅ ያስፈልጋል። አየር የሚሰጠው ሞተር መቆም የለበትም፤ ከቆመ ግድግዳዎቹ መለስለስ ይጀምራሉ፣ ጣሪያ ያለው ከሆነ ጣሪያው ልጆቹ ላይ ይተኛል። አየሩ በአንድ ጊዜ ስለማይወጣ ልጆቹን ለማውጣት ጊዜ አለ፤ ግን በሩ ላይ የሚቆም ሰው ሲኖር ነው። ጄኔሬተሩ እዚህ ያለው ለመብራቶቹም ለሞተሩም ስለሆነ ሥራው ደህና ነው፤ አስተናጋጇም ከመግቢያው አትነቃነቅም፣ ያስመሰግናታል። ልጆቹን በቁመት ለይታ ታስገባለች፣ ትልልቆቹን ከትንንሾቹ ጋር አትቀላቅልም። አራት በአራት ሜትር ላለ መዝለያ በአንድ ጊዜ 8 ልጅ ይበቃል፤ ከዚያ ሲበዛ ጭንቅላት ለጭንቅላት መጋጨት ይመጣል። ጫማ፣ ጭንብል፣ ሰይፍ፣ ክንፍና ካባ ውጭ ይቀራሉ። ልጁ «ካባዬን አላወልቅም» ብሎ ቢያለቅስም አታስገቡት፤ የካባ ማሰሪያ ሌላ ልጅ ከረገጠው አንገት ያንቃል።

ወደ ዱባው እንምጣ፤ የዚህ ምሽት ምርጥ ነገር እሱ ነው፤ ለብቻውም ቢሆን ያስመጣል።

የእኛ ገበያ ዱባ ፈረንጆቹ ለፋኖስ ከሚመርጡት ይለያል። የእነሱ ሥጋው ቀጭን፣ ልጣጩ ለቢላ የሚታዘዝ ነው። የእኛ ብዙ ጊዜ ልጣጩ ደንዳና፣ ሥጋው ጠብደል ያለ ነው፤ ለወጥ የተባረከ፣ ለፋኖስ የሚያስቸግር። አዘጋጆቹ ይህን ተረድተው ከ3 እስከ 4 ኪሎ የሚመዝን፣ መቀመጫው ዝርግ የሆነ ዱባ መርጠዋል፣ መክፈቻውንም አስቀድመው ቆርጠውታል። የተቆረጠውም ከላይ በእንብርቱ በኩል ሳይሆን ከታች ነው። ጥቅሙ ዱባው በበራ መብራት ላይ እንደ ቆብ መደፋቱ ነው፤ ክዳን የለም፣ ክዳኑም ወደ ውስጥ አይወድቅም። ቤት ውስጥ ከላይ ለመክፈት የሚፈልግ ሰው ቢላውን ቀጥ አድርጎ ሳይሆን ወደ መሃል አጋድሞ ይቁረጥ፤ ያኔ ክዳኑ እንደ ድስት ክዳን ተደግፎ ይቀመጣል።

የልጆቹ ሥራ ፍሬውንና ጭረቱን ማውጣት ነው። ጠርዙ ቀጭን የሆነ የብረት ማንኪያ ከፕላስቲኩ ይሻላል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ፕላስቲክ ስለሆነ ሁለት የብረት ማንኪያ ከቤት ያዙ። ፊቱ የሚቀረጽበት ጎን ብቻ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ይሳሳል፤ ሌላውን ማሳሳት ልፋት ነው፣ ዱባውንም ያደክመዋል። ሥዕሉ ወረቀት ላይ ተሠርቶ ዱባው ላይ ይለጠፋል፣ መስመሩም በወፍራም መርፌ ነጥብ በነጥብ ይወጋል። ልጆች እዚህ ላይ ናቸው በጣም የሚመሰጡት፤ ወረቀቱ ሲነሳ ሥዕሉ በነጥብ ልጣጩ ላይ ቀርቶ ሲያዩት ሁሉም አንድ ላይ ዝም ይላሉ። ከዚያ ቢላውን አዋቂ ይይዛል። አጭርና ጥርስ ያለው ቀጭን ቢላ ነው የሚሻለው፤ የወጥ ቤት ትልቅ ቢላ ወደ ማዕዘን አይታጠፍም፣ በኃይል ሲገፋም ይንሸራተታል። ዓይኖች ይቀድማሉ፣ አፍ ይከተላል፤ ሰፊ አፍ አስቀድሞ የተቆረጠ ዱባ ዓይን ሲቀረጽበት ይሰነጠቃል። የተቆረጠው ቁራጭ ከውስጥ ወደ ውጭ በአውራ ጣት ይገፋል። ከዱባው ሥር ርጥብ ጨርቅ ይነጠፋል፣ አለዚያ በእርጥበቱ ይሽከረከራል። ጭን ላይ አስቀምጦ መቅረጽ ፈጽሞ አይደረግ።

ለአንድ ዱባ 40 ደቂቃ ያዙ። ጉድለቱ የሰው ቁጥር ነው፦ ጠረጴዛው ላይ ሃያ ልጅ ሲቀመጥ ቢላ የሚይዙት ሦስት ሠራተኞች ናቸው። አንድ ቆራጭ በአግባቡ የሚያስተናግደው 3 ወይም 4 ልጅ ነው። የቀሩት እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ ወይም ራሳቸው ቢላ ለማንሳት ይሞክራሉ። ወላጅ አጠገባቸው ይቁም፤ ቢላውን ጠይቆ ራሱ ቢቆርጥም ይፈቀድለታል። ውስጡ የሚገባው በባትሪ የሚበራ ትንሽ መብራት ነው፣ ሻማ አይደለም፤ ናይለን ልብስ የለበሰ ልጅ በሞላበት ግቢ ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ቤት የሄደው ዱባ ሦስት አራት ቀን ይቆያል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ ቫዝሊን ከተቀባ መጨማደዱ ይዘገያል።

ከልብ የሚያሳዝነው የወጣው ሥጋና ፍሬ በባልዲ ተሰብስቦ ወደ ቆሻሻ መሄዱ ነው። በጾም ወቅት! ከአንድ ዱባ ጎን ላይ የሚፋቀው ንጹሕ ሥጋ ለአንድ ቤተሰብ ራት የሚበቃ የዱባ ወጥ ይወጣዋል፤ ፍሬው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጨው ተነስንሶበት ምጣድ ላይ ሲቆላ ልጆቹ ይሻሙበታል። ሠራተኞቹን ከጠየቃችሁ ይሰጧችኋል፤ ክዳን ያለው ዕቃ ወይም ሁለት ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።

የማስፈሪያው መተላለፊያ ጥቁር ጨርቅ በብረት ላይ ተወጥሮ የተሠራ ጠመዝማዛ ኮሪደር ነው። ስድስት ስድስት ሰው ይገባል፣ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። የሚያስመሰግነው መግቢያው ላይ ነው፦ የጅብ ልብስ የለበሰው ወጣት ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት የጅቡን ጭንቅላት አውልቆ ፊቱን ያሳያቸዋል፣ ስማቸውን ይጠይቃቸዋል፣ ከዚያ ፊታቸው መልሶ ይለብሰዋል። አያ ጅቦን በተረት ብቻ የሚያውቅ ልጅ ከዚህ በኋላ ቢጮህም ጩኸቱ የጨዋታ ነው። ማንም ልጅ አይነካም፣ መንገድ አይዘጋም። መሃል ላይ የፈራ ልጅ የሚወጣበት የጎን መጋረጃም አለ፤ ግን ምልክቱ ጨለማው ውስጥ አይታይም። ስትገቡ ከግራ በኩል ሦስተኛው መጋረጃ መሆኑን ያዙት።

ሁለት ነገር ከመግባታችሁ በፊት እወቁ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ቶሎ ቶሎ ብልጭ የሚል መብራት አለ። በሴኮንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ የሚበልጭ መብራት የሚጥል በሽታ ባለባቸው አንዳንድ ሰዎች ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ በር ላይ ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ነበረበት፣ አልተለጠፈም። ጭስ የሚተፋው ማሽንም ጠባብ ቦታ ውስጥ ስለሆነ አስም ያለበትን ልጅ ያስለዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ወላጅ በር ላይ ለቆመው ሠራተኛ ቢነግር ለዚያ ዙር ሁለቱንም ያጠፋሉ።

ከረሜላ የሚሰጥባቸው በሮች ስምንት ናቸው፤ ከፕላይውድ የተሠሩ፣ እያንዳንዳቸው የተለያየ ቀለም የተቀቡ። ልጁ ያንኳኳል፣ ይዘፍናል ወይም ይጨፍራል፣ ይቀበላል። አንዱ በር ላይ የሚሰጠው ትንንሽ ሙልሙል ነው፤ ይህን ያሰበ ሰው ይመስገን። የቀሩት ላይ ግን ለጾመኛ አልታሰበም። ቸኮሌቱ ወተት አለው፤ እንደ ላስቲክ የሚለጠጠው ከረሜላ አብዛኛውን ጊዜ የሚረጋው በጄላቲን ነው፣ ጄላቲን ደግሞ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት ይወጣል። ለጾመኛም፣ ሐላልነቱን ለሚጠብቅ ሙስሊም ቤተሰብም ይህ ጥያቄ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም ተራ የስኳር ከረሜላ በአንድ በር ላይ ቢቀመጥ ነገሩ ያልቅ ነበር። ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ክብ ደረቅ ከረሜላና ለውዝ ከረሜላ ከሚሰበስብበት ባልዲ ውስጥ አውጡለት፤ ጉሮሮ ይዘጋሉ።

በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው በከንቱ አይደለም። ከመሸ በኋላ ብርዱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል፤ ከገበያ የሚገዛው የሃሎዊን ልብስ ደግሞ ስስ ናይለን ነው። ልብሱን ሁለት ቁጥር አስበልጣችሁ ገዝታችሁ ከሥሩ ሹራብና ታይት አልብሱ፤ ከላይ ጃኬት ሲደረብ የለፋችሁበት ልብስ አይታይም፣ ልጁም ያኮርፋል። ለመግዛት ያልፈለገ ለልደት ወይም ለምርቃት የተሰፋ ጥቁር ካባ ቤት ካለ እሱን ያውጣ። አንገቱ ላይ ያለው ማሰሪያ ተፈትቶ በቬልክሮ ይተካ፤ ሲጎተት በራሱ ይለቃል። ርዝመቱ ከቁርጭምጭሚት በላይ ይሁን፤ ግቢው ውስጥ ሁለት ቦታ ደረጃ አለ፣ መብራቱም ደካማ ነው። ጭንብል ከማድረግ ፊት መቀባት ይሻላል፤ በጭንብል ቀዳዳ የሚያይ ልጅ እግሩ ሥር ያለውን አያይም።

ምግቡ ተራ ነው፦ በርገር፣ ድንች ጥብስ፣ ፈንዲሻ፣ ሻይ። ለጾመኛ የሚያጠግበው ድንቹ ብቻ ነው። በልቶ መምጣት ይሻላል።

ለልጆች የተለዩት ሽንት ቤቶች ሁለት ናቸው፤ ከ12 ሰዓት በኋላ ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ከፊት መቀባቱ በፊት አስቀድሟቸው። ከአንገት እስከ እግር አንድ ወጥ የሆነ ልብስ የለበሰ ልጅ በሰዓቱ አያደርስም። በር ላይ የሚታሰረው የወረቀት አምባር ተራ ቁጥር እንጂ ስልክ የለውም፤ የስልክ ቁጥራችሁን በእስክሪብቶ ውስጠኛው ገጹ ላይ ጽፋችሁ እሰሩት። ልጁ ቢጠፋ የት እንደሚቆምም ስትገቡ አሳዩት፤ የሻዩ ድንኳን ጥሩ ምልክት ነው፣ ከግቢው ሁሉ የሚበራው እሱ ነው። ሁሉም ልጅ ጥቁር በለበሰበት ምሽት «ጥቁር ካባ የለበሰ» ብሎ መፈለግ አይሠራም፤ ቦርሳው ወይም ባልዲው ላይ ደማቅ ቢጫ ጨርቅ እሰሩ፣ ሲገባም በስልክ አንድ ፎቶ አንሱት።

ለመሄጃ ቀላል ባቡር የሚጠቀም እስጢፋኖስ ወይም ስታዲየም ጣቢያ ይውረድ፤ ከዚያ በሰፊው የእግረኛ መንገድ ጋሪ እየገፉም መምጣት ይቻላል። በመኪና የሚመጣ መንገድ ዳር አያቁም፤ የመስቀል አደባባይ የምድር ውስጥ ማቆሚያ ቅርብ ነው። መመለሻው ላይ ግን ችግር አለ። ፕሮግራሙ 3 ሰዓት ላይ ሲዘጋ ሁሉም ቤተሰብ በአንድ በር ወጥቶ በአንድ ጊዜ ራይድ ይጠራል፤ ሹፌሩ ደዋዩን በሕዝቡ መሃል አያገኘውም፣ ይሰርዛል፣ ልጆቹ ብርድ ላይ ይቆማሉ። 2 ሰዓት ላይ ውጡ። መኪናውንም ገና ግቢ ውስጥ የሻዩ ድንኳን አጠገብ ሆናችሁ ጥሩ፣ የመነሻውን ነጥብ ከበሩ ፊት ሳይሆን ከታች ከመታጠፊያው ላይ አድርጉት፣ መኪናው ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ተነሱ። ዱባውን ልጁ አይያዘው፤ መብራቱ ጠፍቶ በፌስታል በአዋቂ እጅ ይሂድ።